ልጄን ልመልስ ሄጄ ጠብታ ስጠብቅ ሰነበትኩ

ከመርካቶ ከተመለስኩ ወዲህ ደጄ ሰው አልጠፋበትም። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ሁሉም "አገሩ እንዴት ነው? ልጅሽስ?" ይላል። ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስናገር ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው ስረሳም መቀያየም መጣ። ስለዚህ የልጄን የድሮ ደብተር አውጥቼ ጻፍኩት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል ብገድፍ እያረማችሁ አንብቡት።

ለምን እንደሄድኩ አስቀድሜ ልናገር። የመጨረሻዋ ልጄ ትርንጎ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች፤ የምታድረው መርካቶ፣ መሳለሚያ አጠገብ በኪራይ ቤት ነው። መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ሁለት ፋሲካ ያለ እሷ ፈሰክን። ሰኔ ሲገባ ደወለች። "አሁን ምንድን ነው የምትሠሪው?" አልኳት። "የውሃ ጠብታ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ውስጥ ስትገባ ምን እንደምትሆን ነው እማ፤ ከእሷ ጋር ስታገል ሦስት ወር ሆነኝ" አለችኝ። ወዲያው ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ወንድሜ አያሌው ወደ ከተማችን መብራት የገባ ዓመት በእርጥብ እጁ ሽቦ ነክቶ ነው የቀረው። እኔ አጠገቡ ልብስ አጥብ ነበር። ውሃና መብራት አንድ ላይ ሲጠሩ ስሰማ ዛሬም ያ ቀን ይመጣብኛል። ሦስት ቀን እህል አልዋጥልኝ አለ። በአራተኛው ለባለቤቴ "ሄጄ ይዣት እመጣለሁ" አልኩት።

"እሺ አትልሽም" አለ።

"እናቷ ነኝ" አልኩ።

ሰኞ

ከብቸና በጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳን። በሶ፣ ድልህ፣ ማርና አንድ ቅል ቅቤ ይዤ ነበር። ፍተሻ ላይ አራት ጊዜ ወርደን አራት ጊዜ ተሳፈርን። ወታደሩ ቅሉን አሸተተና "ለማን ነው?" አለኝ፤ "ለልጄ" ስለው ቅሉን መለሰልኝ። እሱም እናት እንዳለችው ከዓይኑ ታወቀኝ።

አባይ በረሃ ስንወርድ አውቶቡሱ ምጣድ ሆነ። ቅቤው ቀልጦ በቅሉ አፍ ፈሰሰና አጠገቤ የተቀመጡትን ሰውዬ ጫማ ሞላው። መሬት ብትከፈት በገባሁ። በነጠላዬ ልጠርግ ስጎነበስ "ተዪ እህቴ፣ ለሊስትሮ ልከፍል ነበር፣ አተረፍሽኝ" አሉና ሳቁ። ጎሐ ጽዮን ምሳ ስንበላም ያዘዙትን አብረን እንድንቆርስ ግድ አሉኝ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ አውቶቡሱ ሙሉ የእኔን ቅቤ ሲያሸት መጣ።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ተሸካሚዎች እንደ ንብ ሰፈሩብን። ከረጢቴን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። አንዱ "እማማ፣ እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ፤ አነጋገርዎን ሰምቼ ነው የመጣሁት፤ ሌላ ሰው አይስጡ" አለኝ። የሞጣ ልጅ ሲል እጄ ላላ። ትርንጎን በሰው መሐል ቀድሞ ያያት እሱ ነው። "ያቺ ናት፤ አፍንጫችሁ አንድ ነው" አለ።

አቀፍኳት። አጥንቷ ቆረቆረኝ። ፀጉሯ እኛ ቤት የሚሸተውን አይሸትም። እናንተ ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ያሉ፣ ይህን አታውቁትም፤ የራስን ልጅ አቅፎ የሌላ ቤት ሽታ ማሽተት ምን እንደሆነ።

ያደርንባት ክፍል የእኛን ጎታ አታክልም። አከራይዋ እትዬ አስካለ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ የሚሸጡ የሸዋ ሴት ናቸው። የእንግዳ ፍራሽ ከራሳቸው አልጋ ላይ አውጥተው አነጠፉልኝ። "እርስዎስ በምን ያድራሉ?" ብላቸው "በጋቢ፤ ሻጭ ጋቢ አያጣም" አሉ።

ማክሰኞ

ጠዋት ትርንጎ ወደምትሠራበት ወሰደችኝ። በሐሳቤ ገንዳ ሙሉ ውሃና ከላዩ የተዘረጋ ሽቦ ነው የታየኝ። መንገዱ ላይ ጋሪ፣ ሰው፣ ቆርቆሮ የጫነ፣ ፍራሽ የተሸከመ፤ የሰው ጎርፍ ነው። እኛ ዘንድ ገበያ ቅዳሜ ውሎ ይበተናል፤ ይህኛው መበተን የሚባል አያውቅም። አንድ ፎቅ ላይ እስከ መጨረሻው ወጣን። ከላይ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ አሮጌ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። የሱቁ ባለቤት ጋሼ ሸምሱ ይባላሉ፤ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ይሸጣሉ። ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ተቀበሉኝ።

ዙሪያውን ባይ ምንም የለም።

"ውሃው የታለ?" አልኳት።

"የለም እማ።"

"ሽቦውስ? ኃይለኛው መብራትስ?"

"እሱም የለም። ሁለቱም በቁጥር ነው ያሉት። ኮምፒውተሩ እንዳሉ አድርጎ ያሰላቸዋል።"

ጋሼ ሸምሱ ከጥግ ሆነው "እትዬ፣ እኔም እንደ እርስዎ ጠብቄ ነበር። ሦስት ወር ውሃ ትሠራለች፤ እስከ ዛሬ አንድ ብርጭቆ አልቀዳችልኝም!" አሉ።

ትርንጎ አስቀምጣ አስረዳችኝ። አንዲት ጠብታ ብዙ ሺህ ቅንጣት አላት። እያንዳንዷ ቅንጣት ማንን እንደምትገፋ፣ ማንን እንደምትስብ፣ መብራቱ ደግሞ ወዴት እንደሚጎትታት አንድ በአንድ ይሰላል። ሁሉም ትንሽ ፈቀቅ ይሉና እንደገና ከመጀመሪያው ይሰላል። እንዲህ እያለ ስንትና ስንት ጊዜ። መድኃኒትን እንደ ጉም አድርጎ ወደ ሳንባ ለመንፋት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል አለች።

"ቁጥር ከሆነ ቤትሽ ተቀምጠሽ አትቆጥሪም?" አልኳት።

"በጣቴ ብቆጥረው እማ፣ የልጅ ልጄም አይጨርሰው።"

ለዚህ ነው አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች በሽቦ ተያይዘው ሌት ተቀን የሚያሰሉት። ጋሼ ሸምሱ ለምን እንደፈቀዱላት ስጠይቅ ሳቁ። "ያገለገለ ዕቃ ከመሸጡ በፊት ይፈተናል። ሌላው ሻጭ ከፍቶ፣ አይቶ፣ ይዘጋል። የእኔን የእርስዎ ልጅ ሳምንት ሙሉ ስታስለፋው ትከርማለች። ከእሷ እጅ የተረፈ ኮምፒውተር ተመልሶብኝ አያውቅም" አሉ።

ጠብታዋን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አሳየችኝ፤ ቀይና ነጭ ፍሬዎች እንደ ጨሌ ተጠጋግተው። ክብ የነበረችው እንደ እንቁላል ረዝማለች። "ጫፏ ይሾልና ይፈነዳል፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ነው" አለች። ዓይኗን ከእሷ ላይ አላነሳችም። ሁለት ዓመት ያላየችኝ እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ፍርሃቴ ግን አልሄደም። የአሥራ ሁለቱም ገመድ ተግበስብሶ አንድ ጥግ ገብቷል፤ ግድግዳው ሲነኩት ይሞቃል። "ወደ አገርሽ እንሂድ" ማለት አምሮኝ ምላሴ ላይ ዋጥኩት።

ረቡዕ

እትዬ አስካለ ሸማ ተራ አዞሩኝ። ጥበብ አየሁ፤ ጥለቱ እኛ አገር ከሚሠራው የሚያምርም የማያምርም አለ። እኔ የፈተልኩትን ነጠላ ጫፉን ይዘው አዩና "ይህን የፈተለ እጅ እዚህ አይራብም" አሉኝ። የኮራሁት ኩራት።

ለምሳ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ጋሼ ሸምሱ በሳህን ሽሮና ጎመን አስመጥተው አቀረቡልኝ። እጄን ለመዘርጋት ሳመነታ አይተው "ከክርስቲያን ቤት ነው ያስመጣሁት እትዬ፤ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ዘይት እንጂ ቅቤ የለበትም" አሉ። ረቡዕ መሆኑን ከእኔ ቀድመው ያስታወሱ እሳቸው ናቸው። በላሁ፤ አፈርኩም።

ከሰዓት ትርንጎ ሥራዋን ትታ ራጉኤል ወሰደችኝ፤ ጫማም ገዛችልኝ። በየሱቁ "ይህንስ እማ? ያንንስ?" ትላለች። ትንሽ ልጅ ሆና ገበያ ስወስዳት እንዲህ የምለው እኔ ነበርኩ።

ሐሙስ

ይህን ቀን ባልጽፈው በወደድኩ።

ትርንጎ ወደ መምህሯ ሄደች። ጋሼ ሸምሱ ለስግደት ሲወጡ "እትዬ፣ ሱቁን አደራ፤ ሰው እንዳይገባ ብቻ" አሉኝ። ብቻዬን ቀረሁ። ኮምፒውተሮቹ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማሉ። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራሴን ድምፅ አልሰማም አልኩ። ነጎድጓዱ ተከተለ። ከጣሪያው ስንጥቅ ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ከገመዱ ጥግ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው።

እኛ አገር መብረቅ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ። ብረት አይያዝም፣ ሬዲዮ ይዘጋል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ከግድግዳ ላይ የተሰካ ሁሉ ይነቀላል። ይህን ሳያደርግ የቀረ ቤት ቢቃጠል ጎረቤት አያዝንለትም። ወንድሜ ታየኝ። እጄን በደረቁ የነጠላዬ ጫፍ ጠቀለልኩ፣ "በስመ አብ" አልኩና አንዱን ነቀልኩ። አልሞትኩም። ሁለተኛውን ነቀልኩ። እያለቀስኩ አሥራ ሁለቱንም ነቀልኩ። ቀፎው ዝም አለ። ባልዲ ፈልጌ ከሚንጠባጠበው ሥር አደረግኩና ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደፍሬ አላውቅም።

ጋሼ ሸምሱ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ።

"እትዬ… ምን አደረጉ?"

"አዳንኋችሁ" አልኩ።

አልተቆጡም። በርጩማው ላይ ተቀመጡና ጭንቅላታቸውን ያዙ። ያኔ ገባኝ።

ትርንጎ በዝናብ ረጥባ ገባች። የጠቆረውን መስታወት አየች፤ ገመዱን አየች።

"ማን ነቀለው?"

"እኔ።"

ስሌቱ የደረሰበትን በየጠዋቱ ፍላሽ በሚሉት ትንሽ ዕቃ ትገለብጠው ኖሯል። ሰኞ እኔን ልትቀበል ሮጣ አልገለበጠችም። ማክሰኞም ረቡዕም እኔን ስታዞር አልገለበጠችም። ገመዱ ሲነቀል ያልተገለበጠው ሁሉ ይጠፋል፤ የተረፈው የእሑዱ ብቻ ነው። ከእሑድ ተነስቶ ጠብታዋ እስክትፈነዳ ደግሞ ከአምስት ቀን በላይ ይፈጃል። ኮምፒውተሮቹን የገዛ ሰው ቅዳሜ ሊወስዳቸው ነው። እሷ የሚቀጥለው ዓርብ መምህራኗ ፊት ካላቀረበች ለከርሞ ነው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ጋሼ ሸምሱ ናቸው፤ ልጄ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ በቀለለኝ።

ዓርብ

ጠዋት ስነቃ ልብሷን ታጥፋለች።

"አብሬሽ እሄዳለሁ እማ። በቃኝ። ደክሞኛል።"

እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሌላውን ሁሉ ረስቼ ደስ አለኝ። ቤታችን ስትገባ፣ በሶ ስትበጠብጥ፣ ከእኔ ጋር ስትተኛ ታየኝ።

ከዚያ የደብተሮቿን ክምር አንስታ ለእትዬ አስካለ "ለነጠላ መጠቅለያ ይሁንዎ" ብላ ሰጠቻቸው። እሳቸው ገለጥ አድርገው አዩት፤ ከዳር እስከ ዳር የእጅ ጽሑፍ ነው። ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔ በዚህ ሸማ ልጠቀልል? እጄ ይቆረጥ! እርስዎ እናቷ ነዎት፣ ይውሰዱት" ብለው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

ቁጥሩ አይገባኝም። የእጅ ጽሑፏን ግን አውቀዋለሁ። ስትቸኩል ወደ ቀኝ ይዘማል፣ ስትደክም ይተልቃል። ገጹ ሁሉ ወደ ቀኝ ያዘመ ነበር።

"መጣሁ" ብዬ ወጣሁ። ራጉኤል ደጅ ቆሜ ምን ብዬ እንደምለምን አጣሁ። ልጄን ስጠኝ ልል ነበር የመጣሁት፤ ልጄን ሰጥቶኛል። የቀረው "መልሰህ ውሰዳት" ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ የምትል እናት የለችም። ሳልለምን ተሳልሜ ወደ ሱቁ ወጣሁ።

"ጋሼ ሸምሱ፣ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ልጄን በእኔ ጥፋት አይቅጧት" አልኩ።

"እኔ መች ቀጣኋት? ገዢው ነገ ነው የሚመጣው እትዬ።"

"ይለምኑልኝ።"

ገመዶቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ስልኩን አንስተው ደወሉ፤ የገዢውን ድምፅ እኔም እሰማለሁ።

"ዕቃው ፈተና ላይ ነው፤ ሳምንት ይጨምራል" አሉት።

"ሳምንት? ሌላ ጋ እገዛለሁ!"

"ግዛ። ያልተፈተነ ገዝተህ ግን በአሥራ አምስት ቀኑ እኔው ጋ ለጥገና ትመጣለህ፤ ያኔ እየሳቅሁ ነው የምቀበልህ።"

ሰውዬው ተሳደበ፣ ሳቀ፣ እሺ አለ። መርካቶ እንዲህ ነው የሚስማማው።

"አሁን እትዬ፣" አሉኝ፣ "ልጅዎን ይጥሩ። እርስዎ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የሶኬቱ ዘበኛ ነዎት። ሰማይ ቢወድቅ እንዳይነቅሉ።"

ገዢውን ከማሳመን ይልቅ ትርንጎን ማሳመን ከበደ። "ልትወስጂኝ አይደል እንዴ የመጣሽው?" አለችኝ። "አዎ። አሁን ግን ተነሺ" አልኩ። የዚያኑ ቀን ከእሑዱ ጀምራ ኮምፒውተሮቹን እንደገና አስነሳች።

ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ

አምስቱን ቀን በአንድ ላይ ልጻፈው፤ አንዱ ከአንዱ አይለይም። ጠዋት ሱቅ እገባለሁ፣ ከገመዱ ጥግ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። የሚያፈሰውን ጣሪያ ጋሼ ሸምሱ በሸራ ጠገኑት። ነጎድጓድ ሁለት ጊዜ መጣ፤ እጆቼን ጭኔ ሥር ቀብሬ አሳለፍኩት። ደንበኛ ሲመጣ "እሳቸው ማን ናቸው?" ይላል፤ "ኢንጂነር ናቸው፣ ከጎጃም አስመጥተናቸው ነው" ይላሉ ጋሼ ሸምሱ።

ትርንጎ በየሰዓቱ ትገለብጣለች። ሲደክማት ራሷን ጭኔ ላይ ታደርጋለች፤ ሹሩባዋን እፈታላታለሁ፣ እሠራላታለሁ። ይህን ስንት ጊዜ በሕልሜ እንዳየሁት። ጠብታዋ ቀስ በቀስ ጫፏ እንደ እንዝርት ሾለ።

"ቶሎ ከተሳበች ትበጠሳለች፤ ፈትልም እንዲሁ ነው" አልኳት አንድ ቀን።

ቀና አለች። "እንዴት ነው የሚበጠሰው? ከየት በኩል?"

"ከቀጠነው በኩል ነዋ። ከወፍራሙ ተበጥሶ አያውቅም።"

ደብተሯ ላይ ጻፈችው። እኔ የተናገርኩትን ደብተር ላይ ሲጽፉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ፈንድታ የሚወጡት ትንንሾቹስ ተመልሰው ይገናኛሉ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"አይገናኙም እማ። ሁሉም አንድ ዓይነት ኤሌክትሪክ ነው የሚይዙት፤ ይገፋፋሉ። እየራቁ ነው የሚሄዱት።"

ሹሩባዋን መሥራት ያዝኩ።

ሐሙስ

እኩለ ቀን ላይ ትርንጎ ዳቦ ልትገዛ ወርዳ ነበር። ዓይኔ መስታወቱ ላይ ነው። የጠብታዋ ጫፍ ይቀጥናል፣ ይቀጥናል፤ አንዲት ፍሬ ወጣች። ከኋላዋ ሌላ፣ ከኋላዋ እፍኝ ሙሉ።

"ጋሼ ሸምሱ!" ብዬ ጮኽኩ። እሳቸው ደግሞ በመስኮት ወደ ታች "ትርንጎ! ወለደች!" ብለው ጮኹ፤ መንገዱ ሁሉ ቀና አለ።

ደረጃውን እየዘለለች መጣች። ዳቦው ከእጇ ወደቀ። በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቆመች። ሕፃን ሆና መጀመሪያ ፊደል የለየች ቀን ያየሁት ፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ፊት አላየሁትም ነበር። ቤቴ ቢሆን የት ላገኘው?

ጋሼ ሸምሱ ዳቦውን አንስተው፣ አራግፈው፣ ለሦስት ቆረሱት።

ዓርብ

መምህራኗ ፊት አቀረበች። እኔ እትዬ አስካለ ሱቅ ጋቢ እያጣጠፍኩ ዋልኩ፤ የማጣጥፈውን ሁለቴ እያጣጠፍኩ። ማታ መጣች። "ወደዱት እማ" አለች። ቀጥላ፣ ቀስ ብላ፣ ሥራውን ለሦስተኛ ዲግሪ እንድትገፋበት እንደጠየቋት ነገረችኝ። ስንት ዓመት እንደሆነ ስጠይቃት "አራት" አለች። እራት አቀረብኩ።

ቅዳሜ

የጤፉ እርሻ እየጠበቀኝ ነው፤ መንገዱም ክፍት ሆኖ ሳለ መሄድ ነበረብኝ። እትዬ አስካለ ጋቢ አለበሱኝ፤ ጋሼ ሸምሱ ለባለቤቴ የእጅ ባትሪ ላኩ። አውቶቡስ ተራ ትርንጎ ከረጢቴን ተሸክማ አደረሰችኝ። ከረጢቱን እግሬ ሥር አስቀምጣ ወረደች። ሞተሩ ሲነሳ ደረጃው ላይ ወጥታ እጄን ያዘችኝ።

"እማ፣ አሁንም ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ። የእውነቴን ነው።"

የእውነቷን እንደሆነ አውቃለሁ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ዐሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ልሰማው የፈለግኩት ያን ቃል ነው። አንድ ቃል ብቻ ብናገር ዛሬ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ፊደሌን ታርም ነበር።

ግንባሯን ሳምኩ። እጇን ከእጄ አላቅቄ በቀስታ ወደ ታች ገፋኋት።

"ሾፌር፣" አልኩ፣ "በሩን ዝጋው።"